በርሜል ውስጥ ለቆየ ቢራ ዳኛው ማን ይሁን?

ክቡራትና ክቡራን፣ የጠመቃ ጓደኞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እዚህ ሜሪላንድ በየዓመቱ ስንገናኝ መክፈቻውን የሚናገር ሰው ጠማቂዎቹን አመስግኖ ይወርዳል። ዛሬ ግን አስተባባሪዎቹ ይፍቀዱልኝና ከምስጋናው በፊት ያለፈውን ዓመት ጉዳይ ላንሳ። አብዛኞቻችሁ ነበራችሁ።

ውድድሩ በኦክ እንጨት በርሜል ለቆዩ ጠንካራ ቢራዎች ነበር። አንደኛ የወጣው ስታውት፣ ማለትም ከተቆላ ብቅል የተጠመቀ ጥቁር ቢራ፣ 14 በመቶ አልኮል ነበረው። ዳኞቹ ከፍሪጅ እንደወጣ፣ ብርጭቆው እንዳላበው፣ ጨለጡትና «ይሄ ነው ቢራ! ይመታል!» አሉ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናታችን፣ ጎንደር ሳሉ ጠላ ሸጠው ልጆች ያሳደጉ፣ ብርጭቆውን በሁለት መዳፋቸው ይዘው ቅዝቃዜው እስኪለቀው ጠበቁ። አሸተቱት። አንዴ ፉት አሉና ጠረጴዛው ላይ መለሱት። «ይሄ ኮምጥጧል፤ ከዕቃው ነው» አሉ። ከዳኞቹ አንዱ ምን አላቸው? «እማማ፣ ይሄ እኮ ጠላ አይደለም። ይህን ያህል አልኮል ያለው ቢራ አይኮመጥጥም።» ተሳቀ። እሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው ዝም አሉ።

ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ትክክለኛዋ እሳቸው ነበሩና! የቺካጎው ቢራ ጠማቂ ጉዝ አይላንድ እ.ኤ.አ. በ2015 ካወጣቸው፣ ቡርበን በሚባለው የአሜሪካ ዊስኪ በርሜል ከቆዩት የቡርበን ካውንቲ ቢራዎች አንዳንዶቹ ላክቶባሲለስ የሚባል አኮምጣጭ ባክቴሪያ ገብቶባቸው ኮምጥጠዋል፤ ኩባንያው ለገዢዎች ገንዘብ እስከ መመለስ ደርሷል። እነዚያ ቢራዎችም እጅግ ጠንካሮች ነበሩ። አልኮል ብዛት ለጥራት ዋስትና አይሆንም። በአልኮል ብዛት ሽልማት መስጠት ዳኝነት አይባልም!

አሁን ከፊታችሁ ሦስት ብርጭቆ አለ። ከፍሪጅ ቀድመው የወጡት ሆን ተብሎ ነው፤ 12 ወይም 13 ዲግሪ ሲደርሱ መዓዛቸው ይከፈታል። ወርቃማው የሜይኑ አላጋሽ ኪውሪዩ ነው፤ በቡርበን በርሜል የቆየ ትሪፕል፣ ማለትም በቤልጂየም ስልት የተጠመቀ ጠንካራ ወርቃማ ቢራ። የአሜሪካ ሕግ ቡርበን ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ የኦክ ዕቃ እንዲቀመጥ ስለሚያዝ፣ አንዴ ያገለገለውን በርሜል ቢራ ጠማቂ ይገዛዋል። ቫኒላው ከእንጨቱ ነው፤ ኮኮናት ኮኮናት የሚለው ላክቶን ከሚባለው ነገር ይመጣል። ከቃጠሎው ደግሞ ጓያኮል ይወጣል፤ እንጨት ሲጨስ የምናሸተው እሱው ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ጋን በወይራ ስታጥን የኖረች ሴት ይህን ጭስ ልትስተው ነው?

ቀዩ የቤልጂየሙ ሮደንባክ ግራንድ ክሩ ነው። ከሦስቱ ደካማው እሱ ነው፤ 6 በመቶ። አፍንጫችሁን ስታስጠጉት ግን ቼሪ አለ፣ ኮምጣጤ አለ፣ እርጥብ እንጨት አለ። ሁለት ሦስተኛው በግዙፍ የኦክ ጋኖች ሁለት ዓመት ገደማ የቆየ ሲሆን የቀረው ወጣት ቢራ ነው። እነዚያ ጋኖች ስላረጁ ቫኒላ አይሰጡም። ሥራቸው አየር በጥቂቱ ማስገባትና ጎምዛዛ የሚያደርጉትን ባክቴሪያዎች ማኖር ነው። እዚህ መኮምጠጡ የተፈለገ ነው፤ ባለፈው ዓመቱ ስታውት ላይ ግን ብልሽት ነበር። ይህን መለየት የማይችል ሰው የዳኛ ወንበር ላይ ምን ይሠራል?

ጥቁሩ ቡርበን ካውንቲ ነው፤ ቸኮሌት፣ የተቃጠለ ስኳር፣ ቫኒላ፣ ከዚያ የአልኮሉ ሙቀት። እሱን መጨረሻ ቅመሱት፤ ቀድማችሁ ከጀመራችሁት ሌሎቹን ይሸፍንባችኋል።



እኔ ለድምፅ የማቀርበው ይህን ነው፦ ከዘንድሮ ውድድር ጀምሮ የአልኮሉ መጠን ከዳኞች ይሸፈን፤ ማንኛውም ቢራ ከመቀመሱ በፊት ይሽተት፤ ከአምስቱ የዳኝነት ወንበሮች ሁለቱ ጠላ ጠምቀው ለኖሩ እናቶቻችን ይሰጡ። ያለፈው ዓመቷ እናታችን ዛሬም ከኋላ ተቀምጠዋል። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ።