አምስት ሰዓት ማለት አምስት ሰዓት ነው
በዓለም የፓርኪንሰን ቀን ለነርሶችና ለአስታማሚ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ። የሙያ አጋሮቼ፣ በየቤታችሁ የምታስታምሙ ወገኖች፣ በተለይ ደግሞ ሕመሙ እያለባችሁ እዚህ ድረስ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ ሚያዝያ 3 ነው። ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለው የለንደን ሐኪም የተወለደበት ዕለት። እ.ኤ.አ. በ1817 ስለዚህ ሕመም የጻፈው ስድስት ሰዎችን አይቶ ነው። አንዳንዶቹን ያገኛቸው መንገድ ላይ ነበር። እኛም መንገድ ላይ እናያቸዋለን። ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ባንክ ቤት ፊርማ ሲያስቸግራቸው። ብዙ ጊዜ "እርጅና ነው" ብለን እናልፋለን። ሲብስም "ጠጥቶ ነው" እንላለን።

እኔ ነርስ ነኝ። ዛሬ ግን እንደ ልጅም ነው የማወራችሁ። አባቴ አስተማሪ ነበር። መጀመሪያ የተለወጠው የእጅ ጽሑፉ ነው። ሰሌዳው ላይ ሲጀምር ፊደሉ ትልቅ ነው። ወደ መስመሩ መጨረሻ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ ማንበብ ያቅተዋል። ቀጥሎ ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ፊቱ ፈገግ ማለት ተወ። እናቴ "ምን አስቀየምኩህ?" ትለው ነበር። ምንም አላስቀየመችውም። የፊቱ ጡንቻ ነው አልታዘዝ ያለው።

አንጎላችን ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር የሚያመነጩ ሕዋሳት አሉ። እንቅስቃሴያችን ቀልጠፍ እንዲል የሚያደርገው እሱ ነው። በዚህ ሕመም ሕዋሳቱ ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት አንጎል ውስጥ ገብቶ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። ሕመሙን አያድንም። ግን ሰውየውን ከወንበሩ ያስነሳዋል። ዓመታት ሲቆጠሩ ደግሞ አንዱ ኪኒን የሚሠራበት ጊዜ እያጠረ ይመጣል። አባቴ ጠዋት 1፣ ረፋድ 5፣ ከሰዓት 9 እና ማታ 1 ሰዓት ላይ ይወስድ ነበር። 5 ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል። ኪኒኑን ውጦ ትንሽ ከቆየ በኋላ ራሱ ቡና ይቀዳል። ያው ሰውዬ ነው።

ከዚያ የሳንባ ምች ያዘውና አንድ ሆስፒታል ተኛ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ይህ በየትኛውም ዎርድ የሚሆን ነገር ነው። ኪኒኑ ከሌሎቹ ታካሚዎች መድኃኒት ጋር በየስምንት ሰዓቱ ተመደበ። በማግስቱ አባቴ አልጋው ላይ መገላበጥ አቃተው። ምራቁን እንኳ መዋጥ አልቻለም። አስመለሰውና ሜቶክሎፕራማይድ ተወጋ፤ ያው ፕላሲል የምንለው። ይብስ ግትር አለ። ቻርቱ ላይ "አይተባበርም" ተብሎ ተጽፎ አገኘሁ። ነርሷ ክፉ ሰው አልነበረችም። እስከ ንጋት ስትሮጥ ያደረች ልጅ ናት። ያቺን ቃል ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። አባቴ መተባበር ፈልጎ ነበር። ሰውነቱ ነው እምቢ ያለው፤ መድኃኒቱ አልቆበት።

እኔስ? ዘጠኝ ዓመት የሠራሁ ነርስ ነበርኩ። ፕላሲል ዶፓሚንን እንደሚከለክል ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። አጠገቡ ቆሜ ሲወጋ ግን አላስታወስኩትም። ለዚህ ነው ዛሬ እዚህ የቆምኩት።

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ የፓርኪንሰን ታካሚ ሲተኛ ከሁሉ በፊት "ኪኒንዎን ቤት ስንት ሰዓት ነው የሚወስዱት?" ብላችሁ ጠይቁ። "በቀን ስንቴ?" ብቻ አትበሉ። ያንን ሰዓት ቻርቱ ላይ አስፍሩት፣ ሺፍት ስትቀያየሩም በቃል ተናገሩት። አንድ ነገር ልጨምር። እኛ አገር ሁለት ሰዓት አለን። ቻርቱ በፈረንጅ ሰዓት ይጻፋል፣ ቤተሰቡ በእኛ ሰዓት ይናገራል። "9 ሰዓት" ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ጠዋት 3 ነው ወይስ ከሰዓት 9? ስድስት ሰዓት ያህል ልዩነት አለው። እባካችሁ "ከሰዓት በኋላ" የሚለውን ቃል አትቆጥቡ።

ታካሚው መዋጥ ካቃተው ለሐኪሙ ወዲያውኑ ንገሩ። በአፍንጫ ቱቦም ቢሆን መንገድ ይፈለግለታል። "እስኪሻለው ይቆይ" አይባልም። ሌቮዶፓ በድንገት ሲቋረጥ ከባድ ትኩሳትና ግትርነት ሊያመጣ ይችላል፤ ሰው ይገድላል። ካስመለሰው ፕላሲል፣ ከተወራጨ ሃሎፔሪዶል የተባለውን ማረጋጊያ ለመስጠት አትቸኩሉ፤ እሱም ዶፓሚንን ይከለክላል። ትእዛዙ ተጽፎ ብታገኙትም ሐኪሙን ጠይቁ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም፣ ሥራችን ነው።

ወደ ምግቡ ልምጣ። ሥጋው፣ ምስሩ፣ ሽሮው ፕሮቲን አለው። ፕሮቲን ከሌቮዶፓ ጋር ይሻማል። ስለዚህ ኪኒኑ ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ቢል ብዙዎችን ይረዳቸዋል። ጾምንም ሳንፈራ እንጠይቅ። እስከ 9 ሰዓት ውኃ የማይቀምሱ እናት የጠዋቱን ኪኒን ዘለው ወድቀው ሲመጡ፣ መቆጣት ምንም አይጠቅማቸውም። "እማማ፣ የነፍስ አባትዎን አብረን እናናግር" ማለት ይሻላል። በረመዳንም እንዲሁ፣ ጾሙ ሳይገባ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ነው።

ጉርሻም አለ። ለታመመ ሰው ትልቅ ጉርሻ ማጉረስ ፍቅራችን ነው፤ አውቃለሁ። እናቴም እንደዚያ ነበረች። ግን መዋጥ የሚቸግረው ሰው በዚያ ጉርሻ ይታነቃል፣ ወይም ምግቡ ወደ ሳንባው ይገባል። ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት። ትንሽ፣ በወጥ የራሰ ይሁን። የመጀመሪያው ሳይዋጥ ሁለተኛውን አታስከትሉ። አንድ ጥያቄ ስትጠይቁትም መልሱን ጠብቁ። መልሱ ይመጣል፣ የዘገየው ድምፁ ነው።

ስለ እግር ሳልናገር አልሄድም። በር ላይ ሲደርስ እግሩ ከመሬት እንደተሰፋ ቀጥ ይላል። እኛ እጁን እንጎትታለን፤ ይወድቃል። አትጎትቱ። ቆም በሉ፣ ጊዜ ስጡት። "አንድ፣ ሁለት" ብላችሁ ቁጠሩ፣ ወይም አጨብጭቡ። አባቴ ከመኝታ ቤቱ ደጃፍ አልፎ መውጣት ሲያቅተው ታናሽ እህቴ አሮጌ የጠመኔ ሳጥኑን አወጣች። ወለሉ ላይ በእርምጃ ልክ መስመሮች አሰመረችለት። መስመሩን ሊሻገር እግሩን አነሳ። ተራመደ። በዚያች ጠዋት ቤታችን ውስጥ ያልቀረ ዕልልታ የለም።

ሐኪሞቻችን ጥቂት ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞች ስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ወይዘሮ ክብራ ከበደ ደግሞ ሕመሙ በራሳቸው ላይ እያለ ለሕሙማን የሚቆም ድርጅት መሥርተዋል። በእነዚህ መሐል ያለውን ሰፊ ክፍተት የሚሸፍኑት ሚስቶች፣ ሴት ልጆችና እኛ ነርሶች ነን። አስታማሚዋን "አንቺስ እንቅልፍ ታገኛለሽ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁልኝ። እናቴን በስድስት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃት አንዲት ሲስተር ብቻ ናት። ስሟን እስክትሞት ታነሳው ነበር።

መውጫው በር አጠገብ ሁለት ካርቶን ጠመኔ አስቀምጫለሁ። ስትወጡ አንዳንድ ውሰዱ፤ ቤት የምታስታምሙ ሁለት ውሰዱ። ዛሬ ማታ ተረኛ የሆናችሁ፣ የመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ጀምሩ። አመሰግናለሁ።