ራሰ በራው ወፍ በባርባቴ ገደል ላይ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ወፍ ነው።

ባለፈው ጥቅምት በደቡብ ስፔን፣ ከባርባቴ ከተማ ተነሥቼ ወደ ካኞስ ዴ ሜካ በሚወስደው የእግር መንገድ ብቻዬን እጓዝ ነበር። መንገዱ ከጥድ ደኑ ወጥቶ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ በላይ ወዳለው ገደል በሚጠጋበት ስፍራ፣ አንድ ትልቅ ጥቁር ወፍ ቆልማማ መንቆሩን አጭሩ ሣር ውስጥ እየሰነቀረ ሲለቅም አየሁ፤ ባለሁበትም ቆምሁ።

በመጀመሪያ ጋጋኖ መሰለኝ። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለው የግጦሽ መስክ ላይ ጋጋኖዎች በመንጋ ሆነው ልክ እንዲሁ ሲለቅሙ እያየሁ ነው ያደግሁት። ጋጋኖ ግን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ አይገኝም። አቅርቦ ማያ መነጽሬን አውጥቼ ስመለከት የወፉ ራስ በራ ነው፤ ቆዳው ቀይ ነው፤ ረዣዥም የማጅራቱ ላባዎች ነፋሱ ሲያነሣቸው እንደ አንበሳ ጎፈር ይቆማሉ፤ ጥቁር የመሰለኝ ገላውም ፀሐይ ሲያርፍበት አረንጓዴና ሐምራዊ ያብረቀርቃል። እግሩ ላይ ቀለበት ነበረው። በአማርኛ የተለመደ ስም ስለማላውቅለት ራሰ በራ ጋጋኖ እለዋለሁ።

ይህ ወፍ ከመካከለኛው አውሮፓ ከጠፋ 400 ዓመት ያህል ሆኖታል። በባርባቴ አካባቢ እርሱን የመመለሱ ሥራ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ተጀምሮ፣ በ2008 አንድ ጥንድ በዱር ጎጆ ሠራ። አሳዳጊዎቹ ወደ ዱር የሚለቀቁትን ጫጩቶች የሚመግቡት የወፉን ራስ የሚመስል ቆብ ደፍተው ነው፤ ይህን ሳስብ ለእነዚያ ሰዎች ያለኝ አክብሮት ከፍ ይላል።

ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። በ2002 በሶርያ በረሃ፣ በፓልሚራ አቅራቢያ፣ ጠፍተዋል ተብለው የነበሩ ጥቂት የዚህ ዝርያ ወፎች ተገኙ። በ2006 ሦስቱ የሳተላይት መከታተያ ታስሮላቸው ጉዟቸው ሲታይ፣ በዮርዳኖስ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን አልፈው፣ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ክረምቱን የሚያሳልፉት በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ደጋ፣ ገበሬና ከብት በሚውሉበት መስክ ሆኖ ተገኘ። የእነርሱ ክረምት ማለት የእኛ የኅዳርና የታኅሣሥ፣ አዝመራው የሚሰበሰብበት በጋ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ፓልሚራ የሚመለሱት ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት እየመነመነ ሄዶ በሶርያው ጦርነት ዘመን ጠፉ። እኔ በእነዚያ ዓመታት በየበጋው በዚያ ደጋ ስመላለስ ጋጋኖ ነው ብዬ ፊቴን ያዞርሁበት ወፍ ሁሉ ጋጋኖ መሆኑን ዛሬ እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም፤ ይህም ያሳዝነኛል።

በገደሉ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየሁ። የቀለበቱን ቁጥር ለማንበብ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ስራመድ ወፉ ቀና ብሎ አየኝና ክንፉን ዘርግቶ በገደሉ አፋፍ ወደ ባሕሩ ወረደ። ጋጋኖ ቢሆን ኖሮ ጩኸቱ አካባቢውን በሞላው ነበር፤ እርሱ ግን አንዳች ድምፅ አላሰማም።