የካምቢዮ ዘይትና ጋስኬት በግቢ ውስጥ ሲቀየር፦ አንዲት አሮጌ ራቭ ፎር፣ አንድ እሑድ፣ አዳማ

[ምስል፦ የሲሚንቶ ወለል። በመሐሉ የአንድ ብር ሳንቲም ስፋት ያላት ቀይ ጠብታ። ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ መኪናዋ ሆድ ይነሣል።]

ይህችን ጠብታ ተመልከቱልኝ። የሞተር ዘይት ብትሆን ኖሮ ጠቆር ትል ነበር፤ የራዲያተር ውሃ ብትሆን ደግሞ ውሃ ሲፈስባት ሟሙታ ትሄድ ነበር። ይህች ቀይ ናት፤ በሁለት ጣት መካከል ስትታሽ ታሟልጫለች፤ የወደቀችውም ከፊት ጎማዎች መካከል ወደ ሾፌሩ ወገን ጠጋ ብላ ነው። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ናት።

ከየት እንደምትንጠባጠብ ለማወቅ የተራቀቀ መሣሪያ አላስፈለገኝም። ማታ አንድ የቴሌቪዥን ካርቶን ዘርግቼ መኪናዋን በላዩ አቆምኩ፤ የፊት ጎማዎቹን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አደረግሁ፤ ጠዋት ካርቶኑ ላይ ያለውን ነጥብ ከላዩ ካለው ብረት ጋር አስተያየሁት። ነጥቡ ያረፈው በካምቢዮው የዘይት ቋት ጠርዝ ትይዩ ነው። ቋቱን ከካምቢዮው ጋር የሚያሽገው ጋስኬት ደርቋል ማለት ነው።

መኪናዋ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 የተሠራች፣ ባለ 2 ሊትር ሞተር፣ በአራቱም ጎማ የምትሄድ ራቭ ፎር ናት። ዛሬ የካምቢዮዋን ዘይት፣ ማጣሪያና የቋቱን ጋስኬት እዚሁ ወለል ላይ እንቀይራለን። ስለ ኦይል ሲልም፣ ማለትም የጎማው ዘንግ ወደ ካምቢዮው በሚገባበት ቦታ ዘይቱን ስለሚያግደው ቀለበት፣ አነሣለሁ፤ ሁሉንም በግቢ ውስጥ እንድትሞክሩ ግን አልመክርም፤ ምክንያቱን ስንደርስበት እነግራችኋለሁ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና ተንከባክቦ ማኖር ለብዙዎቻችን ግዴታ ሆኗል። ካምቢዮ ደግሞ ከመኪና አካል ሁሉ ዝምተኛው ነው። ሞተር ሲታመም ይጮኻል፣ ፍሬን ያፏጫል፤ ካምቢዮ ግን ብዙ ጊዜ ሕመሙን የሚናገረው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

[ምስል፦ በደብተር ወረቀት ላይ በእጅ የተሣለ የካምቢዮ ሥዕል። ቀዩ እስክሪብቶ የዘይቱን መንገድ ይከተላል።]

በማንዋል ካምቢዮ ውስጥ የዘይት ሥራ በአብዛኛው ጥርሶችን ማለስለስ ነው። በአውቶማቲክ ውስጥ ግን ዘይቱ ራሱ ሠራተኛ ነው። የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮው የሚያሻግረው በቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ይኸው ዘይት ነው። ማርሽ የሚለወጠውም ዘይቱ በጠባብ ቦዮች ተገፍቶ ሄዶ የፍሪሲዮን ዲስኮችን ሲጫናቸው ነው። ሙቀቱን ተሸክሞ ራዲያተሩ ውስጥ ወዳለው ማቀዝቀዣ የሚወስደውም እሱ ነው። አንድ ፈሳሽ ሦስት ሥራ ይሠራል።

ጠላቱ ሙቀት ነው። ከአዳማ ወደ መተሐራና አዋሽ የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ መውረዱ ቀላል ነው። በቀትር ፀሐይ፣ ጭነት ይዞ፣ ከከባድ መኪናዎች ኋላ እያዘገሙ ሽቅብ መመለሱ ነው ካምቢዮን የሚያበስለው። በተደጋጋሚ የጋለ ዘይት ቀይነቱ ይጠፋል፣ የማረር ሽታ ያመጣል፤ ሙቀቱ ጋስኬቱንና ኦይል ሲሎቹንም እንደ ቆዳ ያደርቃቸዋል። የኛዋ ጠብታ ታሪክ ይኸው ነው።

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ የዘይት ጣሳዎች።]

አሁን ወደ ግዢው። ብዙ ሰው ሱቅ ገብቶ «ቀዩን ዘይት ስጠኝ» ይላል። ይህ ፋርማሲ ገብቶ «ነጩን ኪኒን ስጠኝ» እንደማለት ነው። የዚህች መኪና መመሪያ የሚጠይቀው ቶዮታ ታይፕ ቲ ፎር የተባለውን ዓይነት ነው። ደክስሮንም ቀይ ነው፤ ለብዙ አሮጌ መኪናዎች ትክክለኛው ዘይትም እሱ ነው፤ ለዚህች ግን አይደለም። ልዩነቱ ዲስኮቹ እርስ በርስ ሲያያዙ ምን ያህል እንዲንሸራተቱ በመፍቀዱ ላይ ነው። ዓይነቱ ሲሳሳት ማርሹ ይንቀጠቀጣል ወይም እየዘገየ ይገባል። በብዙ ቶዮታዎች የዘይቱ ዓይነት በመለኪያ ዘንጉ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ዘንጉን ጠርጋችሁ በፀሐይ አንብቡት፤ ከባለ ሱቁ ይልቅ እሱን እመኑ።

[ምስል፦ ክሪክ፣ ሁለት የብረት መደገፊያዎች፣ ሁለት ድንጋዮች።]

ክሪክ ለማንሣት እንጂ ለማቆም አልተሠራም። መጀመሪያ የእጅ ፍሬን ይሳባል፤ የኋላ ጎማዎች በድንጋይ ይታገዳሉ፤ መኪናዋ ከተነሣች በኋላ የብረት መደገፊያዎቹ መመሪያው ባመለከተው ጠንካራ ቦታ ሥር ይገባሉ። ብሎኬት አይሆንም። ደግሜ እላለሁ፣ ብሎኬት አይሆንም! ግድግዳ ውስጥ ሸክሙ ተከፋፍሎለት ሲኖር የምናምነው ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ የመኪና ክብደት በአንድ ነጥብ ላይ ሲያርፍበት ያለ ማስጠንቀቂያ ይፈረካከሳል። ከሥሩ ያለው ደግሞ የእናንተ ደረት ነው።

ሥራውን ከጠዋቱ 1 ሰዓት የጀመርኩት በነፋሱ ምክንያት ነው። አዳማ ላይ አንዱ 51፣ ሌላው 153 ሜጋ ዋት አቅም ያላቸው የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት በከንቱ አይደለም። ያ ነፋስ አምፖል ያበራል፤ አቧራም ይዞ ይመጣል። በካምቢዮው ውስጥ ያሉት ቫልቮች ደግሞ ከፀጉር ውፍረት ብዙም በማይበልጥ ክፍተት ውስጥ ነው ወዲያና ወዲህ የሚሉት፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ሰንጋ ልትይዛቸው ትችላለች። ስለዚህ ቋቱን ከመፍታቴ በፊት ዙሪያውን በብሩሽ ጠርጌ አጥቤዋለሁ። መጥረጊያችሁ ክር የማይጥል ጨርቅ ይሁን። አሮጌ ነጠላ ለስላሳ ነው፣ ግን ክሩን ይጥላል።

[ምስል፦ ከሥር። እጅ በአለን ቁልፍ የማፍሰሻውን ቡሎን ይነካል።]

እዚህ ጋ ቀስ በሉ። ከመኪናዋ ሥር የዘይት ማፍሰሻ ቡሎኖች ከአንድ በላይ ናቸው። የሞተሩ በ14 ቁጥር ቁልፍ የሚፈታ ነው። የካምቢዮው ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ አለው፤ የሚፈታውም በ10 ቁጥር አለን ቁልፍ ነው። ጉልበቱን ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው የትራንስፈሩ ደግሞ ሌላ ነው፤ እዚያ ያለው ወፍራም የማርሽ ዘይት ስለሆነ ዛሬ አንነካውም። የሞተር ዘይት የለወጡ መስሏቸው የካምቢዮውን አፍስሰው አዲሱን ዘይት ሞተሩ ላይ የጨመሩ ሰዎች አሉ። ሞተሩ በእጥፍ ዘይት፣ ካምቢዮው በባዶ ሆድ ይነሣል።

ሌላም ነገር፤ ከማፍሰሳችሁ በፊት በየት እንደምትሞሉ እወቁ። የኛዋ በመለኪያ ዘንጉ ቱቦ ትሞላለች። ብዙ አዳዲስ መኪናዎች ዘንጉ የላቸውም፤ መሙያቸው ከጎን ያለ ቡሎን ነው። ያ ቡሎን ዝጎ እንቢ ካለ ባዶ ካምቢዮ ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ።

ዘይቱ ለብ ሲል ይፈታ፤ ሲፋጅ አይሁን። የወጣውን ሁሉ በባለ 2 ሊትር ሃይላንድ እየቀዳችሁ ለኩ። የኔ ሦስት ሊትር ተኩል ገደማ ሆነ። «የወጣውን ያህል መልስ» የሚለው ምክር ግን የሚሠራው ቀድሞም ልኩ ሙሉ ከነበረ ብቻ ነው፤ የኛዋ ስታፈስ ነው የከረመችው። ስለዚህ ትናንት ማታ ሞተሩ እንደሞቀ በዘንጉ ለክቼ ምን ያህል እንደጎደለ ጽፌ ነበር።

[ምስል፦ ሁለት ብርጭቆ፤ አዲስ ዘይትና የወጣው ዘይት፣ በንጽጽር።]

የወጣው ሻይ ቢጤ ቡናማ ነው። አርጅቷል፣ ግን አላረረም። ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ ሸራ የሚሸት ቢሆን ኖሮ ዲስኮቹ እየተበሉ ነው ማለት ነበር። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ጁስ ቤት እንደሚቀርብ ወተት የገባበት ሮዝ ጁስ የመሰለው ነው፤ ያ የራዲያተር ውሃ ከካምቢዮው ዘይት ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው። እንዲህ ካያችሁ መኪናዋን አታንቀሳቅሷት።

ቋቱን ስታወርዱ ከወለሉ ላይ ትናንሽ ማግኔቶች ታገኛላችሁ። በላያቸው ያለው ግራጫ ጭቃ እንደ ኩል የላመ ከሆነ የዕድሜ ነው፤ ጥረጉትና መልሱት። በጣት የሚያዝ የብረት ስንጥር ካለ ግን አዲስ ዘይት አያድነውም፤ ገንዘባችሁን ለመካኒክ አስቀምጡት።

ማጣሪያው ሲፈታ ሌላ ዘይት ይዘንባል፤ ፊታችሁን አርቁ። እኔ ይህን እያወቅሁ ሸሚዜን አላዳንኩትም። በማጣሪያው አፍ ላይ ያለችው የጎማ ቀለበት አንዳንዴ ላይኛው ቀዳዳ ውስጥ ተጣብቃ ትቀራለች። ሳታዩ አዲሷን በአሮጌዋ ላይ ከደረባችሁ ፓምፑ ከዘይቱ ጋር አየር ይስባል።

[ምስል፦ አዲሱ ጋስኬት በንጹሕ ቋት ላይ ይቀመጣል።]

የጋስኬቱ ነገር። የሁለቱም ብረት ፊት ደርቆ፣ ያለ ቅባትና ያለ አሮጌ ጋስኬት ቁራጭ መሆን አለበት። ሲሊኮን አትደርቡበት። አንዳንድ ካምቢዮ ከፋብሪካው ጋስኬት የሌለው፣ በማጣበቂያ ብቻ የተዘጋ አለ፤ የኛዋ ግን ጋስኬት አላት። በጋስኬት ላይ የተቀባ ሲሊኮን ወደ ውስጥ ተገፍቶ ይወጣል፤ ተቆርጦም ማጣሪያው ላይ ይለጠፋል።

አሁን ወደ ቡሎኖቹ፤ እዚህ ላይ የምናዘዘው ነገር አለኝ። መጀመሪያ ይህን ሥራ የሞከርኩ ጊዜ «እንዳያፈስ» ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ አጠበቅሁ። አራተኛው ቡሎን ላይ ቁልፉ በድንገት ቀለለኝ። የቡሎኑ ጭንቅላት ቁልፉ ውስጥ፣ ግንዱ ካምቢዮው ውስጥ ቀረ። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው፤ ጠራኋቸውና ጎንበስ ብለው አዩ።

«ልጄ፣ የጎማ ዳዶ እያሰርክ ነው እንዴ?»

«አይ ጋሼ፣ እንዳያፈስ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ይኸው ያፈሳል።»

የተሰበረውን ሲያወጡ እኩለ ቀን ሆነ። ቁጥሩን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። የዚህ ቋት ቡሎን የሚፈልገው 7.8 ኒውተን ሜትር ነው። የዚህችው መኪና የጎማ ዳዶ 103 ይፈልጋል፤ ከአሥራ ሦስት እጥፍ በላይ። 7.8 ማለት ከቡሎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ ቁልፉ ላይ የ8 ኪሎ ዕቃ እንደ ማንጠልጠል ነው። የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካው ቶርክ ቁልፍ የሌለው ሰው ረጅሙን ቁልፍ አስቀምጦ አጭሩን ይያዝ፤ በክንዱ ሳይሆን በእጅ አንጓው ብቻ ያጥብቅ። መጀመሪያ ሁሉም በጣት ይግቡ፤ ከዚያ ከአንዱ ወደ ትይዩው እየተሻገራችሁ በሁለት ሦስት ዙር አጥብቁ። በአንድ ወገን ብቻ ከጀመራችሁ ጋስኬቱ በዚያኛው በኩል ተጣሞ ይወጣል። የማፍሰሻው ቡሎን ደግሞ አዲስ ዋሸር ይግባለት፤ ዋጋዋ ከሻይ ብዙም አይርቅም።

ስለ ኦይል ሲል ቃል ገብቼ ነበር። ጠብታው የመጣው ከቋቱ ሳይሆን የጎማው ዘንግ ወደ ካምቢዮው ከሚገባበት ጎን ቢሆን ኖሮ የሚቀየረው እሱ ነበር። ለዚያ ጎማውን፣ የዘንጉን ትልቅ ዳዶና የታችኛውን ክንድ መፍታት ያስፈልጋል። በግራ በኩል ያለውን ትዕግሥተኛ ሰው በግቢው ይሠራዋል፤ የአዲሱን ሲል ከንፈር በካምቢዮ ዘይት ቀብቶ፣ በእኩል እየመታ አስገብቶ፣ ዘንጉ ሲመለስ ጥርሶቹ ከንፈሩን እንዳይቀድዱት እየጠበቀ። ዘንጉ ላይ ሲሉ ያረፈበት ቦታ በጥፍር የሚሰማ ጭረት ካለው ግን አዲሱም ያፈሳል። የቀኙ ዘንግ በአራት ጎማ ዓይነቷ ላይ በትራንስፈሩ በኩል ስለሚወጣ እሱን ለጋራዥ እተወዋለሁ። እኔም አልነካውም።

[ምስል፦ ረጅም ማንቆርቆሪያ ያለው ፈነል በመለኪያ ዘንጉ ቱቦ ውስጥ።]

መኪናዋ ወርዳ በተስተካከለ ወለል ላይ ቆማለች። ሦስት ሊትር ጨመርኩ፤ ሁሉንም በአንዴ አይደለም። ሞተሩን አስነሥቼ፣ እግሬን ፍሬን ላይ አድርጌ፣ ማርሹን ከፒ እስከ ኤል በየቦታው ጥቂት ሰከንድ እያቆየሁ ወሰድኩና መለስኩ። ከዚያ በየግማሽ ሊትሩ፣ ቀጥሎም በየብርጭቆው። ዘንጉ ላይ ሁለት ምልክቶች አሉ፤ የቀዝቃዛውና የሙቁ። የቀዝቃዛው ለግምት ብቻ ነው። እውነተኛው ልክ ሃያ ደቂቃ ያህል ተነድታ ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሞቅ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ የሚነበበው ነው። ከሞላ በላይ መሙላት ከማጉደል የሚሻል የሚመስለው ሰው አለ። አይሻልም። የተረፈው ዘይት በሚሽከረከረው ብረት ተመትቶ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል፤ ዲስኮቹን የሚጫን ኃይል ይጠፋል።

የወጣው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ቶርክ ኮንቨርተሩና ማቀዝቀዣው ውስጥ ነው። ጨው የበዛበትን ወጥ ግማሹን ቀንሶ ውሃ እንደ መጨመር አስቡት። ዛሬ ግማሹ አዲስ ሆነ። ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ቋቱን ሳልፈታ በማፍሰሻው ብቻ ስደግመው 75 በመቶ፣ በሦስተኛው 87 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በማሽን ገፍቶ ሁሉንም በአንዴ የሚያጥብ ዘዴም አለ፤ ለዓመታት ላልተነካ ካምቢዮ እኔ አልመርጠውም።

አሮጌው ዘይት ተከድኖ ዘይት ወደሚሰበስብ ጋራዥ ይሄዳል። ለምስጥ ብለው አጥር ላይ የሚቀቡት አሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ወደ ጉድጓድ ውሃ ይወርዳል፤ እኔ አላደርገውም።

[ምስል፦ ማግስት፣ ማለዳ። ካሜራው ካርቶኑ ላይ ያርፋል።]

ሰኞ ጠዋት ነው። ካርቶኑ አዲስ ነው። በቋቱ ትይዩ ምንም የለም፤ ደርቋል። እዚህ ግን፣ ከሞተሩ በታች፣ አንዲት ጠብታ አለች። ጥቁር ናት።

እሷ የሌላ እሑድ ናት።