ባለቤት የሌለው ብርሃን፦ ከደንገጎ እስከ ኮማ

እንዴት ናችሁ አቦ! ዛሬ በማታ ነው የምቀርጸው፤ የድሬ ፀሐይ ካሜራውን አግላ እያጠፋችብኝ ነው።

ከሐረር ወደ ድሬ በማታ ወርዳችሁ ታውቃላችሁ? ደንገጎ ላይ ሚኒባሱ ሲጠመዘዝ ቁልቁል ከተማዋ ትታያለች። ከዚራው፣ ሳቢያኑ፣ ሁሉም አምፖል በአምፖል ሆኖ። እኔ መስኮት ጋ ለመቀመጥ የምጋፋው ለዚህች ብቻ ነው። አቧራ ያለ ቀን ደግሞ ከአምፖሎቹ በላይ ደብዛዛ ወገግታ ተንጣልሎ ይታያል። ይሄ ብርሃን የማነው? የሱቁ? የባጃጁ? የማንም አይደለም። ጠቁም ብትባሉ ጣታችሁን የምታሳርፉበት የለም።

አሁን አምፖሎቹን ጋላክሲ አድርጓቸው። ከተማዋ ኮማ ናት፤ ከ300 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ የምትርቅ፣ ከ1000 በላይ ጋላክሲ የታጨቀባት ክላስተር። በፈረንጆቹ 1959 እንግሊዝ አገር ጆድሬል ባንክ ያሉ ተመራማሪዎች በራዲዮ ቴሌስኮፕ ሲያዩዋት ያቺን ወገግታ አገኙ። ወርዷ 3 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። አንድ ልዩነት ግን አለ፦ የድሬው ወገግታ ከአምፖሎቹ የወጣ ነው፤ የኮማው የሚወጣው ከጋላክሲዎቹ መሃል፣ ባዶ ከሚመስለው ቦታ ነው።

እዚህ ጋ ልቁም። ባለፈው ቪዲዮ ስር ግማሾቻችሁ «ራዲዮ ከሆነ ድምጹን አሰማና» ብላችኋል። አቦ፣ የሚሰማ ነገር የለም! ራዲዮ ብርሃን ነው፤ ሞገዱ ስለረዘመ ዓይናችን የማያየው ብርሃን። ቤታችሁ ያለችው ራዲዮ የምትጮኸው ስፒከር ስላላት እንጂ አንቴናዋ ጋ የሚደርሰው ድምጽ ሆኖ አይደለም። እናቴ ራሷ «ዜና ያወራሉ እንዴ?» አለችኝ። ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊት የወጣ ነው ብላት፣ «የኛ ጣቢያስ መች ከዚህ ይለያል» አትለኝም!

ወደ ጉዳያችን። ወደ ብርሃን ፍጥነት የተጠጉ ኤሌክትሮኖች ደካማ መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ሲሽከረከሩ ራዲዮ ይለቃሉ፤ ይሄ ነው ሲንክሮትሮን ጨረር የሚባለው። ችግሩ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ላይ ጉልበታቸው ያልቃል፤ ከአንድ ጋላክሲ ተነስተው ያን ሁሉ ስፋት ማዳረስ አይችሉም። ስለዚህ እዚያው ባሉበት የሚገፋቸው ነገር አለ። ሁለት ክላስተሮች ሲጋጩ መሃል ያለው ጋዝ ይናወጣል፣ ነውጡ የደከሙትን ኤሌክትሮኖች እንደገና ያፈጥናቸዋል። ግጭቱ ዳር ላይ ደግሞ ሾክ ዌቩ፣ ማለትም ጋዙን እየገፋ የሚሄደው የግጭቱ ኃይለኛ ሞገድ፣ ቅስት ቅስት የመሰለ ብርሃን ይፈጥራል፤ አንዱን «ቋሊማ»፣ ሌላውን «የጥርስ ብሩሽ» ብለውታል። ከራት በፊትና በኋላ ያወጡት ስም ነው መሰለኝ።

ይህን ለማየት ታዲያ የራዲዮ ቴሌስኮፕ ሳህኖችን ማራራቅ፣ ጥቃቅኑን ቢያጠራም፣ ብቻውን አይበጅም። ደንገጎ ላይ ቆማችሁ በባይኖኩላር ብታዩ የአንዱ ሱቅ አምፖል ይጠራላችኋል፣ ወገግታው ግን ይጠፋል። ደቡብ አፍሪካ ካሩ በሚባለው ደረቅ አካባቢ ያለው ሚርካት የተባለ የራዲዮ ቴሌስኮፕ 64 ሳህን አለው፤ ብዙዎቹ መሃል ላይ ተጠጋግተው ነው የተተከሉት። የተራራቁት አምፖሉን ይለያሉ፣ የተጠጋጉት ወገግታውን ይይዛሉ። ለኔ የሚርካት ውበቱ እዚህ ላይ ነው።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ። ቀጣዩን እዛው ደንገጎ ላይ ነው የምቀርጸው፣ ሹፌሩ ካቆመልኝ።