የንግሥቶቹ ከተማና ውሃዋ

[ምስል፦ ሐረር፣ ሸዋ በር፣ ማለዳ።]

እንደምን አደራችሁ ወዳጆቼ። ከጀርባዬ የምታዩት የጀጎል ግንብ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፤ የባቲ ድል ወንበራ ባል። ዛሬ ግን ሌላ ባለ ግንብ ከተማ ላሳያችሁ ነው። ንግሥቶች ይወርሷት የነበረች።

[ካርታ፦ ፖርቱጋል፣ ከሊዝበን በስተሰሜን።]

ኦቢዶስ ትባላለች። በ1282 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ዲኒስ ለሙሽራቸው ለኢዛቤል ሰጧት። ከዚያ ወዲህ ከንግሥት ወደ ንግሥት እየተላለፈች እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ዘለቀች። ግብሯ የሚገባው ለንግሥቷ ቤት ነበር።

ይሄ ለኛም እንግዳ አይደለም። የኛዋ እቴጌ እሌኒ በጎጃም ሰፊ ግዛት ነበራቸው፤ መርጡለ ማርያምን ያሠሩትም እዚያው ነው። ወደ ፖርቱጋል የላኩት ማቴዎስ በ1514 ሊዝበን ሲደርስ፣ ኦቢዶስ ገና የንግሥት ከተማ ነበረች።

[ምስል፦ ረጅም የድንጋይ ቅስቶች።]

እኔን የያዘኝ ግን ውሃዋ ነው። ኦቢዶስ ኮረብታ ላይ ናት። እዚያ ውሃ ማድረስ ምን ማለት እንደሆነ፣ ጀሪካን ይዞ የተሰለፈ የሐረር ሰው ያውቀዋል። ንግሥት ካታሪና በ16ኛው ክፍለ ዘመን 3 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ በቅስት ላይ የሚሄድ የውሃ ቦይ አሠሩላት። በነፃ ግን አይደለም። በምትኩ ከከተማዋ በታች ያለውን ለም ሜዳ ወሰዱ። ሜዳው ዛሬም «የንግሥቷ ሜዳ» ነው የሚባለው። እዩት እስቲ፣ የዚያ ዘመን ውል በቦታ ስም ላይ ቀርቷል!

ጥቂት ወደ ሰሜን ስትሄዱ ደግሞ ካልዳስ ዳ ራይኛ አለች፤ «የንግሥቷ ፍል ውሃ» ማለት ነው። ንግሥት ሌዎኖር በ1485 በፍል ውሃው ላይ ሆስፒታል መሠረቱ። ከተማዋም በሆስፒታሉ ዙሪያ አደገች።

[ካርታ፦ የድሮው የባሕር ዳርቻ በሰማያዊ መስመር።]

ድሮ የባሕሩ ውሃ እስከ ኦቢዶስ ኮረብታ ግርጌ ይደርስ ነበር። ቀስ በቀስ ደለል ሞላው፣ ዳርቻውም ወደ ምዕራብ ሸሸ። ጀልባ ይቆምበት የነበረው ቦታ ዛሬ እርሻ ነው። ሐሮማያ ደርቆ፣ ከብት በመሃሉ ሲሻገር ያያችሁ፣ ይሄ ምን እንደሚመስል ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ።