«ባለሙያ ናት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

[ምስል፦ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጎን ለጎን ቆመው]

«እሱ ባለሙያ ነው» ቢሏችሁ ምን ይመጣላችኋል? መሐንዲስ፣ መካኒክ፣ ሐኪም። «እሷ ባለሙያ ናት» ሲባልስ? ወጥ ታሳምራለች፣ እንጀራዋ ዓይን አለው፣ ጠላዋ ይጠጣል። ቃሉ አንድ ነው። ሴት ጋ ሲደርስ ግን ማጀት ይገባል። «ወንድ ለችሎት፣ ሴት ለማጀት» ብለን ተርተን የለ!

ይህ ልማድ ከሴት ልጅ ትምህርት ላይ ምን ይወስዳል? ከሁሉ በፊት ሰዓቷን ይወስዳል።

[ምስል፦ ገና ያልነጋ የገጠር መንደር፣ ቢጫ ጀሪካን]

አማራ ክልል ገጠር ውስጥ ያለች አንዲት የ12 ዓመት ልጅ እናስብ። እሷም ወንድሟም አንድ ትምህርት ቤት ተመዝግበዋል። መዝገቡ ላይ እኩል ናቸው። ጎህ ሲቀድ ግን ጀሪካን ይዛ ውሃ የምትወርደው እሷ ናት። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፤ ያውም ዳገት። ስትመለስ አዛባ ትዝቃለች፣ ቤት ትጠርጋለች። ክፍል ስትደርስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አልፏል። ማታ ደግሞ ምጣዱ ይጠብቃታል።

ወንድሟም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከብት ያግዳል፣ በእርሻ ወቅት ከአባቱ ጋር ይውላል። ይህን መካድ ልክ አይደለም። ግን ከብቶቹ በረት ሲገቡ የእሱ ሥራ አበቃ። ኩራዝ አጠገብ ቁጭ ብሎ ደብተሩን ይገልጣል። እሷ በዚያን ሰዓት እራት እያቀረበች ነው። ከዚያ ዕቃ ታጥባለች። ከዚያ የአባቷን እግር ታጥባለች።

ፈተና ሲወጣ ውጤቷ ያንሳል። «ትምህርት አልሆናትም» ይባላል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህች አባባል ናት። መቼ አጥንታ?

[ምስል፦ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች በር ላይ]

ከፍ ስትል ደግሞ ሽማግሌ መምጣት ይጀምራል። ወላጅ «ቁሞ ቀር እንዳትሆንብኝ» ብሎ ይፈራል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት፣ በአገር ደረጃ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 24 ከሆኑ ሴቶች ከ100 ውስጥ 40ዎቹ 18 ሳይሞላቸው ተድረዋል።

8ኛን ብታልፍም ሁለተኛ ደረጃ ያለው ብዙ ጊዜ ወረዳ ከተማ ነው። ቤት መከራየት፣ በየሳምንቱ ስንቅ መቋጠር አለ። ወንዱ ይላካል። ለእሷ ሲሆን «ማን ይጠብቃታል?» ይባላል። እናትና አባት ክፉ ሆነው አይደለም። ጠለፋውም መደፈሩም ያለ ነገር ነው። ግን ጥፋቱ የሌላ ሆኖ ቤት የምትቀረው እሷ ናት።

ይህ አይቀየርም እንዳትሉ። በ1996 ዓ.ም. ብርሃነ ሔዋን የሚባል ፕሮግራም አማራ ክልል ሞሰቦ ላይ ተጀመረ። ለልጃገረዶቹ ደብተርና እስክሪብቶ ሰጠ። ወላጆችና የአገር ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ እንዲነጋገሩ አደረገ። በኋላ ሲጠና ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጃገረዶች ፕሮግራሙ ካልደረሰበት ቦታ እኩዮቻቸው ይልቅ በብዛት ትምህርት ላይ ተገኙ። በዚሁ ዕድሜ ጋብቻውም ቀንሷል። ደብተር ትንሽ ነገር ይመስላል። ብር ሲያጥር ግን መጀመሪያ የሚቀረው የሴቷ ልጅ ደብተር ነው።

[ምስል፦ ከተማ፣ ሳሎን ቤት፣ ጀበና]

ከተማ ያላችሁ፣ ይህ የገጠር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቧንቧው ግቢ ውስጥ ነው፤ መብራትም አለ። ዛሬ ማታ ቤታችሁ እንግዳ ቢመጣ «ተነሺ፣ ቡና አፍዪ» የምትባለው ማን ናት? ወንድሟ ክፍሉን ዘግቶ እያጠና ነው። እሷም ነገ ፈተና አላት።