እማዬ ወፍጮ መሰላት

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ዛሬም ከደሴ፣ ከዚያችው ክፍል። ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ የጎረቤቱ አውራ ዶሮ እስካሁን አልታረደም። ባጃጇንም አልገዛኋትም። ተዉኝ በቃ።

ስለ መኪና ላወራ ነው። ማለቴ፣ ስለ መኪና መስሎኝ ነበር።

እሁድ ታናሼ ከአሜሪካ ደወለ። እማዬ ቡና ትቆላለች። ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌዋለሁ። "ጋሼ፣ ስማ ስማ!" አለና ወደ ጋራዡ ሮጠ። መኪናውን አስነሳው። ዶጅ ቻሌንጀር ሄልካት፣ ጉልበተኛ የአሜሪካ መኪና፣ ያገለገለ። መጀመሪያ ጉርምርምታ፣ ከዚያ ነዳጅ ሲሰጠው ፉጨት። እማዬ ምጣዱን እንደያዘች ቀና አለች።

"ወፍጮ ገዛ እንዴ?"

እኛ ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። "በቀን ስንት ኩንታል ይፈጫል?" የምሯን እኮ ነው!

ደግሞም ብዙ አልተሳሳተችም። ያ ፉጨት የሱፐርቻርጀሩ ነው። ሞተሩ በቺንጋ ያዞረዋል፣ እሱ ደግሞ አየር እየጨመቀ ለሞተሩ ይመግባል። የሰፈራችን ወፍጮም በቺንጋ ነው የሚዞረው። ይኼኛው ባለ 707 የፈረስ ጉልበት ነው እንጂ።

"መኪና ነው እማዬ" አላት ታናሼ። "እሰይ! ስንት ገዛኸው?" አለች።

እዚህች ጋ ነው። ታናሼ ዝም አለ። በስልኩ እኔን አየኝ። ቡናው መጨስ ጀምሯል። ማንም አላስገደደኝም። "ያው... እንደ አጎቴ ዲኤክስ ነው" አልኳት። "እንዲያ ከሆነ ደግ" አለችና መቁላቷን ቀጠለች።

እንደ ዲኤክስ! እንደዚያች አሮጌ ቶዮታ! ወላሂ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

ግን ቆይ፣ ስለ ዋጋ ከተነሳ... ኮምቦልቻ ያለችው የአጎቴ ዲኤክስ በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች። በየዓመቱ ታረጃለች፣ በየዓመቱ ዋጋዋ ይጨምራል። ለእሷ ሲሆን ማንም "ይኼ ዋጋ ይገባታል ወይ?" አይልም።

የአሜሪካኖቹ ጉልበተኛ መኪኖች መነሻቸው ርካሽ ነበር። ፎርድ ሙስታንግ እ.ኤ.አ. በ1964 ሲወጣ መነሻ ዋጋው 2,368 ዶላር ነበር። ለወጣት ሠራተኛ የታሰበ። ሄልካት እ.ኤ.አ. በ2015 አዲሱ 60 ሺህ ዶላር ገደማ። በ2023 ሌላው ቻሌንጀር፣ ዲመን 170 መጣ፣ እስከ 1,025 የፈረስ ጉልበት፣ 96,666 ዶላር። ሻጮቹ ከላዩ ላይ የሚጨምሩት ሳይቆጠር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቻሌንጀር መመረቱ ቆመ። የመጨረሻው ነው ከተባለ ደግሞ ሰው ይሻማል፤ ጤፍም ቢሆን።

ጉልበት ብቻ ከሆነማ፣ ሐረጎ ዳገት ላይ ከሲኖትራክ ኋላ በሁለተኛ ማርሽ እየተጎተትክ 707 ፈረስ ምን ያደርግልሃል? ፈረሶቹስ ደሴ 2,500 ሜትር ላይ ትንፋሽ አያጥራቸውም? ዋጋው አይገባውም። እንደዚያ ነው የማስበው። ወይም... ለእኔ አይገባውም።

ታናሼ ልጅ ሆኖ ሐረጎ ኩርባ ላይ እንቀመጥ ነበር። መኪናው ሳይታይ በድምፁ ይለየው ነበር። "ኤንትሬ!" ይላል። ብቅ ሲል እውነትም ኤንትሬ፣ ያ የጭነት መኪና። አንድ ቀን ብቻ ተሳሳተና አለቀሰ። አሁን ሌሊት ነው የሚሠራው፣ ብቻውን። ያንን ሞተር ሲያስነሳ ፊቱን ብታዩት... እንደዚያን ጊዜው ነው። ለዚህ ስንት ይከፈላል? ልተወው፣ ማልቀስ አልፈልግም፣ ጉንፋንም ይዞኛል።

የከነከነኝ ሌላ ነው። እማዬ ዋጋውን ብታውቅ ምን ትል ነበር? ምናልባት ምንም። ምናልባት "ይግዛ፣ የላቡ ነው"። እኔ ግን እንድትለው ዕድል አልሰጠኋትም።

ዛሬ ጠዋት በአጥር ለጎረቤት ስታወራ ሰማኋት። "ልጄ አሜሪካም ሄዶ ዲኤክስ ገዛ" ትላለች። ኩራቷ!

ታናሼም ማታ "ነገርካት?" ብሎ ጽፎልኛል። "አዎ" ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። "ነገ" ብዬ ጻፍኩ። እሱንም... ቆይ፣ እማዬ እየጠራችኝ ነው መሰለኝ።